ከድሬዳዋ ሆኖ የራስን ጌም ማስተዋወቅ፦ ከመጀመሪያው ስክሪንሾት እስከ ሽያጭ ማግስት

ብቻውን ወይም ከሁለት ሦስት ጓደኞቹ ጋር ጌም የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ማስታወቂያ ማሰብ የሚጀምረው ጌሙ ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ ረፍዷል። ስቲም ላይም (የኮምፒውተር ጌም መደብሩ) ሆነ ጎግል ፕሌይ ላይ (የአንድሮይድ ስልኩ) አንድ ጌም በወጣበት ቀን የሚያገኘው ትኩረት በአብዛኛው የሚወሰነው ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ምን ያህል ሰው ሰምቶ ሲጠብቀው እንደቆየ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚነሳው ጌሙ ገና ግማሽ ሳይደርስ፣ ለሰው ማሳየት የማያሳፍር አንድ ሌቨል ብቻ በእጃችሁ ካለበት ጊዜ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ድሬዳዋ ወይም ሐረር ተቀምጦ ጌም የሚሠራ ሰው ገበያው ሁለት ነው። አንደኛው ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ የሚውል፣ በስልኩ የሚጫወት፣ የዶላር ካርድ የሌለው የአገር ቤት ተጫዋች ነው። ሁለተኛው ዩቲዩብ ላይ አይቶ ስቲም ላይ የሚገዛ፣ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ መኖሯን እንኳ የማያውቅ የውጭ ተጫዋች ነው። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ፖስት የሚለጥፍ ሰው ሁለቱንም ያጣል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ክፍፍል ላይ የቆመ ነው።

ደረጃ 1፦ ስሙንና አንዷን ዓረፍተ ነገር አስተካክሉ

ስም ስትመርጡ ከማማሩ በፊት ተፈልጎ መገኘቱን እዩ። በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ዛሬውኑ ወስኑና ከዚያ በኋላ አንድም ቦታ አትለውጡት፤ የአማርኛ ስም በላቲን ሲጻፍ አራት አምስት መልክ ስለሚይዝ ሰው ሰምቶት ፈልጎ ሊያጣው ይችላል። ስቲም፣ ጎግል ፕሌይ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ፈልጉት። በዚያው ስም ሌላ ጌም ወይም ታዋቂ ዘፈን ካለ ተዉት።

ለእኛ ከተማ ልጆች የተለየ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ባጃጅ የሌለበት የድሬ ጌም ማሰብ ይከብዳል፤ ነገር ግን «ባጃጅ» የሕንድ ኩባንያ የንግድ ስም ነው። ስናወራ ብንጠራው ምንም አይደለም፤ በጌሙ ርዕስና በአይከኑ ላይ ሲወጣ ግን ባለመብቱ አቤት ካለ ጌሙ ከመደብሩ ሊወርድ ይችላል። ከወራት ማስተዋወቅ በኋላ ስም መቀየር ማለት ከዜሮ መጀመር ነው።

ቀጥሎ ጌሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩት። ጎግል ፕሌይ ለአጭር መግለጫ የሚሰጠው 80 ፊደል ነው፣ ስቲም ደግሞ 300 አካባቢ፤ ስለዚህ ማሳጠር ግዴታ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሁለት ነገር ይኑር፦ ተጫዋቹ ምን ያደርጋል? ምንስ ያስቸግረዋል? «የአፍሪካን ባህል የሚያሳይ አዝናኝና አስተማሪ ጌም» ምንም አይናገርም። «ደረቁ የደቻቱ ወንዝ በድንገት ሳይሞላ ተሳፋሪዎችን ከከዚራ መጋላ የምታደርሱበት የሹፌር ጌም» ግን ሚኒሶታ ላለ ሰውም ይገባዋል፤ ከዚራ ምን እንደሆነ ባያውቅም አንድ ሰው ሊሻገር እንደሚሮጥና ወንዝ እንደሚመጣበት ያያል።

ድሬን አትደብቁ። አንዳንዶቻችን የውጭ ሰው እንዲወደው ብለን ከተማውን ስም የለሽ፣ መንገዱን የአሜሪካ መንገድ እናደርገዋለን። ስም የለሽ ከተማ ያላቸው ጌሞች ስቲም ላይ በሺዎች አሉ፤ መጋላ ግን አንድ ናት። በሌላ በኩል «ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ጌም» ብላችሁ አትጻፉ። እውነት አይደለም፤ የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ብቻውን እንኳ ቀድሟችኋል። ጋዜጠኛ አንዴ የውሸት «የመጀመሪያ» ካገኘባችሁ ሌላውንም አያምንም።

ደረጃ 2፦ ገጹን ቀድማችሁ ክፈቱ

ስለ ጌማችሁ የምታሰራጩት ወሬ ሁሉ ሰውን የሚወስድበት ቦታ ያስፈልገዋል። ቪዲዮው አንድ መቶ ሺህ ጊዜ ቢታይ፣ ከሥሩ ሊንክ ከሌለ ለጌሙ ምንም አልተረፈለትም።

ስቲም ለአንድ ጌም 100 ዶላር ያስከፍላል፤ ጌሙ 1,000 ዶላር ከሸጠ በኋላ ክፍያው ይመለሳል። ከከፈላችሁ ቀን ጀምሮ 30 ቀን ሳይሞላ ማውጣት አትችሉም፤ «በቅርብ ቀን» የሚለው ገጽም ቢያንስ 2 ሳምንት ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት። ይህ ዝቅተኛው ነው። እኔ የምመክረው ቢያንስ ስድስት ወር ነው፤ ምክንያቱም ገጹ ሥራ የሚሠራላችሁ በዊሽሊስት፣ ማለትም ሰው ወደፊት ልገዛቸው ብሎ በሚይዛቸው ጌሞች ዝርዝር ነው። ጌሙን ዊሽሊስት ያደረገ ሰው ጌሙ የወጣ ቀን ከስቲም ኢሜይል ይደርሰዋል፤ እናንተ ኢሜይሉን ባታውቁት እንኳ። ዓለም አቀፍ ክፍያ የሚፈጽም ካርድ ከባንክ ማውጣት ጊዜ ስለሚወስድ ያንን ሂደት ከሁሉም አስቀድሙት።

ጎግል ፕሌይ የሚያስከፍለው አንድ ጊዜ ብቻ 25 ዶላር ነው። አዲስ የግል አካውንት የከፈተ ሰው ግን ጌሙን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት ቢያንስ 12 ሞካሪዎችን ለ14 ተከታታይ ቀናት ማቆየት ይጠበቅበታል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቢሮክራሲ ያየዋል። እኔ ግን የመጀመሪያ ደጋፊዎቻችሁን የምትሰበስቡበት ሰበብ ነው እላለሁ። ከ12 በላይ መዝግቡ፣ መሐል ላይ ትቶ የሚወጣ አይጠፋምና፤ ስማቸውንም ጌሙ መጨረሻ ላይ አስገቡላቸው። ስሙን ስክሪን ላይ ያየ የሰፈር ልጅ ሳትጠይቁት ለሌላው ያሳያል።

ኢች ዶት አይኦ የሚባለው የጌም ድረ ገጽ ነፃ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ጌሙ ሳይጫን ብራውዘር ላይ መጫወት መቻሉ ነው፤ ጋዜጠኛ የማያውቀውን ሰው ፋይል አያወርድም፣ ሊንክ ግን ይጫናል።

ደረጃ 3፦ ምስልና ትሬይለር

ትሬይለር ላይ የስቱዲዮ ሎጎ፣ ጥቁር ስክሪን፣ ቀስ እያለ የሚመጣ ጽሑፍ፣ ይህ ሁሉ ይውጣ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰከንዶች ውስጥ ጨዋታው ራሱ ይታይ። ጠቅላላው ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ። ስቲም ቢያንስ 5 ስክሪንሾት ይፈልጋል፣ 1920 በ1080 መጠን፤ አምስቱም የተለያየ ነገር ያሳዩ፣ አንዱ ቀን፣ አንዱ ማታ፣ አንዱ ችግር ውስጥ የገባ ተጫዋች። የሜኑ ስክሪንሾት ማንም አይፈልግም።

የከተማችንን ብርሃን ተጠቀሙበት። የድሬ የቀትር ፀሐይ፣ የከዚራ የዛፍ ጥላ፣ የመጋላ ጠባብ መተላለፊያ፣ ወይም ሐረር ካላችሁ የጀጎል ባለቀለም ግድግዳ፣ ከሌላው ጌም በአንድ እይታ የሚለያችሁ ይህ ነው። ስለ ደቻቱ ግን ጥንቃቄ ይኑራችሁ። የ1998 ክረምት ጎርፍ እዚህ ከተማ ስንቱን ቤት እንደዘጋ የማያውቅ የለም፤ ውኃው ሰው ሲወስድ በአስቂኝ ሙዚቃ ያጀበ ቪዲዮ ድሬ ላይ ወሬ ያስነሳል፣ የምትፈልጉትን ዓይነት ግን አይደለም።

ፊደሉን ሞክሩት። የግዕዝ ፊደል የያዘ ፎንት ጌሙ ውስጥ ካልገባ ጽሑፉ በባዶ ሳጥኖች ተሞልቶ ይወጣል፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነፃ ነው፣ ይሠራል። ሙዚቃን በተመለከተ፣ የታወቀ ድምፃዊ ዘፈን ያለ ፈቃድ አታስገቡ። የቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ ቀድሞ የሚጎዳችሁ ግን ዩቲዩብ ነው። ጌማችሁን የተጫወተ ዩቲዩበር በዚያ ዘፈን ምክንያት ቪዲዮው ከተያዘበት ወይም ገቢው ለሌላ ከሄደበት ደግሞ አይነካችሁም።

ደረጃ 4፦ የሚዲያ ማኅደር

ጋዜጠኛ ወይም ዩቲዩበር ስለ እናንተ ለመሥራት ሲወስን ፎቶ፣ ሎጎና ቀን ፍለጋ እናንተን መጠበቅ የለበትም። አንድ ገጽ አዘጋጁ፦ ዓረፍተ ነገሯ፣ የሚወጣበት ቀን፣ ዋጋ፣ የሚሠራባቸው መሣሪያዎች፣ ትሬይለሩ፣ ስክሪንሾቶቹ በአንድ ዚፕ፣ ሎጎው ያለ ጀርባ፣ ስለ እናንተ ሦስት መስመር፣ ኢሜይል። የኔዘርላንዱ ጌም ሠሪ ራሚ ኢስማኤል ለዚሁ ብሎ የሠራው ፕረስኪት የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ፤ እሱን ካልፈለጋችሁ አንድ የጎግል ድራይቭ ፎልደርም ይበቃል። ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ጻፉ። «መስከረም 5» ያለ ሰው ለውጭ አንባቢ ምንም አልነገረውም።

ደረጃ 5፦ የአገር ቤቱ ገበያ

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፣ ብዙዎቻችን የምንንቀው ይህን ነውና።

የቴሌግራም ቻናል ክፈቱ፣ ከሱ ጋር የተያያዘ የውይይት ግሩፕም ይኑረው። ቻናሉ ላይ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቀን፣ አንድ አጭር ቪዲዮ ልቀቁ። ጽሑፍ አታብዙ። ምርጫ አስመርጡ፦ «ሹፌሩ የቱን ሸሚዝ ይልበስ?» ዓይነት ጥያቄ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ሰው ያናግራል፤ የመረጠ ሰው ደግሞ ጌሙን የራሱ ያደርገዋል።

ቲክቶክ ላይ ቪዲዮው ለስልክ እንዲመች በቁመት የተሠራ ይሁን። የጌሙን መንገድና እውነተኛውን መንገድ ጎን ለጎን ማሳየት እዚህ አገር የማይከሽፍ ዘዴ ነው። አሸዋ ሰፈርን ጌም ውስጥ ያየ የድሬ ልጅ ዱባይም ሆነ ቶሮንቶ ቢሆን ሼር ያደርጋል፤ ዳያስፖራው ደግሞ ካርድ ያለው፣ ስቲም ላይ መግዛት የሚችለው የአገራችሁ ሰው ነው። ሁለቱን ገበያ የሚያገናኘው ድልድይ እሱ ስለሆነ የቲክቶክ ፕሮፋይላችሁ ላይ የስቲም ሊንክ አይጥፋ።

ፋይሉን አሳንሱ። አገር ቤት ጌም የሚዛመተው ከመደብር በላይ ከስልክ ወደ ስልክ ነው፤ በቴሌግራም ይላካል፣ በብሉቱዝ ይተላለፋል። ይህ የጎግል ፕሌይ ቁጥራችሁ ላይ አይታይም፣ አትዘኑበት። ይልቅ ሜኑው ላይ የቻናሉን ሊንክ አስቀምጡ፣ ፋይሉ በየትም ይዙር ሰውየው ወደ እናንተ ይመለስ። ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት ጌም ግን በዚህ መንገድ አይሄድም።

ፕሌይስቴሽን ቤቶች አትርሱ። ሳቢያንም ሆነ ለገሃሬ አካባቢ፣ ከትምህርት በኋላ ተራ የሚጠብቅ ልጅ ሞልቷል። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ በስልክ ወይም በላፕቶፕ አጫውቷቸው። አታስረዷቸው፤ ዝም ብላችሁ እዩ። የት ላይ እንደሚስቁ፣ የት ላይ ስልኩን ለጓደኛቸው እንደሚያሳዩ ያዙ፤ የቲክቶክ ቪዲዮአችሁ የሚቆረጠው ከዚያ ቦታ ነው። ልጆች ስለሆኑ ፊታቸውን ያለ ቤተሰብ ፈቃድ አትለጥፉ።

ቋንቋ ሌላው ሀብታችን ነው። ድሬ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚችል ጓደኛ ማግኘት አንድ ማኪያቶ ነው ዋጋው። የሶማልኛ ጽሑፍ ያለው ጌም ጅቡቲና ሐርጌሳ ድረስ ይሄዳል፤ በዚያ ቋንቋ የሚሠሩ ጌሞች ጥቂት ስለሆኑ የሶማልኛ ተናጋሪ ቲክቶከሮች ራሳቸው ያነሱታል። ለየቋንቋው የተለየ አጭር ቪዲዮ ሥሩ። አንዱን ቪዲዮ በሦስት ቋንቋ ጽሑፍ ማጨናነቅ አይጠቅምም።

ስለ ራዲዮ፦ የድሬዳዋ ብዙኃን መገናኛ በእነዚሁ ቋንቋዎች ያሰራጫል፤ ስለ ከተማው ልጅ ሥራ መስማት የሚፈልግ አድማጭም አለው። ስትሄዱ «ማስታወቂያ ሥሩልኝ» አትበሉ። ታሪክ ይዛችሁ ሂዱ፦ የከተማውን ድምፅ እንዴት እንደቀረጻችሁ፣ የመጋላ ሻጮችን እንዴት እንዳሳመናችሁ። ለጆሮ የሚሆን ነገር ስለሆነ የጌሙን ድምፅ በፍላሽ ያዙ።

ደረጃ 6፦ የውጭ ዩቲዩበሮችና ጋዜጠኞች

ትልልቆቹን ተዉአቸው። በየቀኑ የማይነበብ ኢሜይል ይጎርፍላቸዋል። ከእናንተ ጌም ጋር የሚመሳሰል ጌም በቅርቡ የተጫወቱ፣ አምስት ሺህ ወይም ሃያ ሺህ ተከታይ ያላቸውን ፈልጉ። የእያንዳንዱን ስም፣ የተጫወተውን ጌምና ኢሜይሉን በአንድ ሠንጠረዥ መዝግቡ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ጻፉ። በእንግሊዝኛ ስትጽፉት ይዘቱ ይህን ያህል ብቻ ይሁን፦

«ሰላም፣ ባለፈው ወር የተጫወትከውን የታክሲ ጌም አይቻለሁ። እኔ ኢትዮጵያ፣ ድሬዳዋ ውስጥ የሹፌር ጌም እየሠራሁ ነው፤ ደረቅ ወንዝ በድንገት ሳይሞላ ተሳፋሪ ማሻገር ነው ጨዋታው። የ15 ሰከንድ ቪዲዮ ይኸው። ዴሞው ብራውዘር ላይ ይከፈታል፣ ሊንኩ ይኸው። ሙሉውን መሞከር ከፈለግህ ቁልፍ እልካለሁ።» (ዴሞ የጌሙ የሙከራ ቅንጭብ ነው፤ ቁልፍ ደግሞ ሙሉውን ጌም ስቲም ላይ በነፃ የሚከፍት ኮድ።)

እዚህ ላይ የእኛ ጨዋነት እንቅፋት ይሆናል። ሦስት መስመር ሰላምታ፣ ሁለት መስመር ይቅርታ፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ መግባት ለአገር ቤት ሽማግሌ ጥሩ ነው፤ ለዩቲዩበር ግን ኢሜይሉ እዚያው ይዘጋል። ድህነትንም መሸጫ አታድርጉት። «መብራት እየጠፋብን ነው የሠራነው» የሚለው አንዴ ያሳዝናል፣ ጌም ግን አያስገዛም።

ሰዓቱም ይቆጠራል። ለንደን ከጠዋቱ ሥራ ሲጀምር እኛ ዘንድ ከቀኑ 5 ወይም 6 ሰዓት ነው፤ ኒውዮርክ ሲጀምር ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት። ሙቀቱ ሱቅ የሚያዘጋበትና ከተማው ጋደም የሚልበት ጊዜ ለእናንተ የኢሜይል ሰዓት ነው።

መልስ ሲመጣም ተጠንቀቁ። ገጻችሁ እንደተከፈተ «ትልቅ ቻናል አለኝ፣ አምስት ቁልፍ ላክልኝ» የሚሉ ኢሜይሎች ይጀምራሉ። ብዙዎቹ ቁልፍ ሰብስበው የሚሸጡ ናቸው። የላከው አድራሻ ዩቲዩብ ቻናሉ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ፊደል ሳይቀር መመሳሰሉን እዩ፤ ካልተመሳሰለ በቻናሉ አድራሻ በኩል ጻፉና አረጋግጡ። የስቲም ኪዩሬተር (መደብሩ ላይ ለተከታዮቹ ጌም የሚጠቁም) ነኝ ለሚል ደግሞ ስቲም ራሱ ባዘጋጀው የኪዩሬተር መላኪያ ብቻ ላኩ።

ደረጃ 7፦ ፌስቲቫልና ጌም ጃም

ስቲም ኔክስት ፌስት በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በየካቲት፣ በሰኔና በጥቅምት አካባቢ ይካሄዳል። ገና ያልወጡ ጌሞች ዴሞ ይዘው የሚቀርቡበት ነው፤ አንድ ጌም የሚሳተፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ዊሽሊስት ሳትሰበስቡ፣ ዴሞውን ሳታጠሩ አትግቡበት። ጌሙ ሊወጣ ሲል ያለውን የመጨረሻውን ፌስት ምረጡ። ዴሞው መጨረሻ ላይ «ዊሽሊስት አድርጉ» የሚል፣ ስክሪን ላይ የሚጫን ቁልፍ ይኑር፤ ከሌለ ፌስቱ ለእናንተ የሞተ ነው።

ጌም ጃሞች፣ ማለትም ሰው ተሰብስቦ በጥቂት ቀናት ጌም የሚሠራባቸው ዝግጅቶች፣ ሌላ ጥቅም አላቸው። ግሎባል ጌም ጃም በየዓመቱ በጥር መጨረሻ አካባቢ ይደረጋል፤ ማንኛውም ከተማ ተመዝግቦ ጣቢያ መሆን ይችላል። ዩኒቨርሲቲው ወይም አንድ ኢንተርኔት ያለው አዳራሽ ከተፈቀደላችሁ ድሬን ካርታው ላይ ታስገባላችሁ፤ የአካባቢው ሚዲያ ለአንድ ጌም ላይመጣ ይችላል፣ ሠላሳ ወጣት ተሰብስቦ ሲያድር ግን ይመጣል።

ደረጃ 8፦ የሚወጣበት ሳምንትና ማግስቱ

ስቲም ላይ ቅናሽና ፌስት የሚጀምሩት በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን፣ ይህ ለእኛ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ነው፤ እንደ ወቅቱ ይለያያል። ጌማችሁንም በዚያው ሰዓት ብትለቁት የአሜሪካ ቀን ሙሉውን ያገኛችኋል። ፋይሉን ከቀናት በፊት ጫኑ፤ መብራትም ኔትወርክም ቀን አይመርጥምና። የቴሌግራም፣ የዩቲዩብና የስቲም ፖስቶችን ሁሉ ለሰዓቱ አስቀድሞ ማስቀመጥ ይቻላል። ለአገር ቤቱ ቻናል «ማታ 3 ሰዓት» ብላችሁ፣ ለውጩ ደግሞ በእነሱ አቆጣጠር ጻፉ። ሁለቱን አንድ ፖስት ላይ አትቀላቅሉ።

አስተያየትን በተመለከተ አንድ የቤተሰብ ፈተና አለ። የአጎት ልጅ፣ የክፍል ጓደኛ፣ የማኅበር አባል ሁሉ አምስት ኮከብ እንዲሰጥ መለመን ያጓጓል። አታድርጉት። ጎግል ፕሌይ ይከለክላል፤ ስቲም ደግሞ በነፃ ቁልፍ ከተጫወተ ሰው የመጣን አስተያየት በውጤቱ ውስጥ አይቆጥርም። ስቲም ላይ ውጤት የሚታየው 10 አስተያየት ከተሰበሰበ በኋላ ስለሆነ፣ ገዝተው ለተጫወቱና ቻናላችሁ ላይ ላመሰገኗችሁ ሰዎች «እዚያም ብትጽፉልን» ማለት ብቻ ይበቃል። በምላሹ ስጦታ አትስጡ።

ከወጣ በኋላ ባሉት ቀናት ለእያንዳንዱ ቅሬታ መልስ ስጡ፣ ክፉውንም ጨምሮ። ከዚያ የየትኛው ሊንክ ስንት ሰው እንዳመጣ ተመልከቱ። ለቴሌግራም አንድ፣ ለቲክቶክ አንድ፣ ለየዩቲዩበሩ የተለየ የክትትል ሊንክ ከጅምሩ ከሠራችሁ ስቲም ከየት እንደመጡ ይነግራችኋል። ሰው ያመጣውን ዩቲዩበር ለመጀመሪያው ትልቅ አፕዴት ቀድማችሁ ጻፉለት፤ ስቲምም ለአፕዴት የተወሰኑ የማሳያ ዙሮች (ጌሙን መደብሩ ላይ እንደገና ለሰው የሚያሳይባቸው) ስለሚሰጥ እያንዳንዱን ዙር ትንሽ ስህተት ስታርሙ አታባክኑት፣ አዲስ ሰፈር ወይም አዲስ መኪና ስትጨምሩ አውሉት።